ያልተመለመለው ዛፍ

ወንድሜ መስፍን እንጀራው ውሃ ላይ ነበር። በሰማንያዎቹ ማብቂያ ላይ፣ ቦሌ ቡልቡላ ስንኖር፣ የውጭ አገር ጎብኚዎችን በጎማ ጀልባ ኦሞና አዋሽ ላይ ይዞ የሚወርድ ድርጅት ውስጥ ይሠራ ነበር። ጎብኚዎቹ ትልቁ ጀልባ ላይ ይቀመጣሉ። እሱ ካያክ በምትባል፣ አንድ ሰው ብቻ በምትይዝ ጠባብ የፕላስቲክ ጀልባ ከፊት ከፊት እየቀዘፈ መንገዱን ያያል፤ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው ካለም ይይዛል። የሱ ካያክ ቢጫ ነበረች። ሰውየው ሲቀመጥባት እግሮቹ ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ ከወገቡ በላይ ያለው ብቻ ውጭ ይቀራል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ የሆነውን ለመረዳት ስለሚያስፈልግ ነው።

እኔ ያኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ እሱን በአምስት ዓመት እበልጠዋለሁ። ባለቤቴ ናዝሬት ይሠራ ስለነበር በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው የሚመጣው። በቀረው ጊዜ እኔና መስፍን ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነበርን። በተጋባን በስድስተኛው ዓመት ፀነስኩ። ስድስቱን ዓመት ሙሉ እመቤቴን ስለምናት ኖሬአለሁ። እናም በፀነስኩበት ዓመት የፍልሰታን ጾም አንድም ቀን ሳላጓድል ላስቀድስ ተሳልኩ።

ክረምት ሲገባ የጎብኚዎቹ ጉዞ ይቆማል። መስፍን ካያኳን «ልጠግናት ነው» ብሎ ቤት ያመጣታል። ጓሮ ውስጥ አቁሞ ስለሚተዋት፣ እኔ የልብስ ማስጫ ገመዴን አንዱን ጫፍ ጭራዋ ላይ ካለው ቀለበት ጋር አስረዋለሁ። የሰፈራችን ወንዝ በበጋ ድንጋይ ለድንጋይ እየተረገጠ የሚታለፍ ነው። ክረምት ላይ ግን ይሞላል። ሲሞላ መስፍን ልብሴን ከነገመዱ አጥር ላይ ይጥልና፣ ካያኳን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ከዚያ ውሃው ላይ ሆኖ ይወርዳል። ሰፈሩ ኖኅ ይለው ነበር።

«ኖኅ፣ ዛሬስ ስንት በግ ጫንክ?» ይለዋል ጋሽ ሰይድ። ጋሽ ሰይድ ከወሎ የመጣ የአይሱዙ ሹፌር ነው፤ አጥራችን አንድ ነበር።

«ለእርስዎም ቦታ ይዣለሁ፣ ጋሼ። ግን ጥንድ ጥንድ ነው የምጭነው፤ ባለቤትዎን ይዘው ይምጡ።»

«ከሷ ጋር ከምጫን እዚሁ ልቅር።»

ቤተ ክርስቲያኑ ከወንዙ ማዶ ነው። በአስፋልቱ ዞሮ መሄድ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ፍልሰታ ከመግባቱ በፊት በየዓመቱ ሰፈሩ አንድ ረጅም ባሕር ዛፍ ይቆርጥና ወንዙ ላይ ያጋድማል። የዚያን ዓመት ሰዉን ያስተባበርኩት እኔ ነበርኩ። ዛፉ የተቆረጠው ከአቶ ገለታ ማሳ ዳር ነው። አቶ ገለታ እዚያው ተወልደው ያደጉ ገበሬ ናቸው፤ ብዙ አይናገሩም።

ዛፉ ሲጋደም መስፍን ዳር ቆሞ ያይ ነበር።

«እታለም፣ ቅርንጫፉን መልምሉት እንጂ» አለኝ።

የኛ ልማድ ሌላ ነው። የግንዱ ላይኛው ፊት ይስተካከላል፤ በጎንና በጎኑ ያለው ቅርንጫፍ ግን አይነካም። አሮጊቶቹ ሲሻገሩ እሱን ነው የሚይዙት።

«ታዲያ እማማ ብርቄ ምን ይዘው ይሻገሩ?» አልኩት።

እማማ ብርቄ ሰባን ያለፉ ጎረቤታችን ናቸው፤ እዚያው ቆመዋል። «የሱን ጆሮ» አሉ።

ሰው ሳቀ። መስፍንም ሳቀ፤ ግን አልተወም። «እማማ፣ ይህን ዛፍ አንድ ቀን ጎርፍ ይወስደዋል። ግንድ ብቻ ከሆነ እየተንከባለለ ይሄዳል። ከነቅርንጫፉ ከሄደ ግን የሆነ ቦታ ይሰነቀራል፤ ያኔ ወንፊት ነው። ውሃው ያልፋል፣ ሰው ይቀራል። እኛ ሥራ ላይ ከአለትም ከአዞም በላይ የምንፈራው ውሃ ውስጥ የተጋደመ ዛፍ ነው። ከላይ ሁለት ቅጠል ይታይዎታል፤ ከሥር ያለውን አያውቁትም።»

«እኔ ደግሞ ከአዞ በላይ የምፈራው አዳልጦኝ መውደቅን ነው።»

«ገመድ ከዳር እስከ ዳር ልወጥርላችሁና እሱን ያዙ።»

እማማ ብርቄ ወደ እኔ አዩ። ጾሙ በነጋታው ይገባል። ገመዱ ከየት እንደሚመጣ፣ የሚወጠርበትን እንጨት ማን እንደሚተክል ሳስብ ሰለቸኝ።

«ለዘንድሮ እንዲሁ ይሁን» አልኩ።

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ።

ፍልሰታ ሊፈታ አራት ቀን ሲቀረው ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ጠዋት አባራ። መስፍን በሩ ላይ ቆሞ ሰማዩን አየ፤ ከዚያ የልብስ ገመዴን ከካያኳ ላይ መፍታት ጀመረ።

«ዛሬ ወንዙ ጥሩ ነው» አለ።

«ላንተ ጥሩ የሆነው ለኛ መከራ ነው።»

«እታለም፣ ቀልድ አይደለም። ዛፉ ከሌለ ወይም ውሃ ከሸፈነው በአስፋልቱ ዙሪ። ሆድሽን ይዘሽ ውሃ ውስጥ እንዳትገቢ።»

«እሺ» አልኩት።

ካያኳን ተሸክሞ ወደ ላይኛው ሜዳ ሄደ። እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ከሰፈር ሴቶች ጋር ወጣሁ። ስምንት ነበርን።

ዛፉ የለም። ተጋድሞበት የነበረው የዳሩ አፈር ብቻ ተቦርቡሮ ይታያል። ሴቶቹ ቆሙ። በአስፋልቱ ብንዞር ቅዳሴው ገብቶ ነው የምንደርሰው። ለኔ ቅዳሴ ከገባ በኋላ መድረስ ከመቅረት አይለይም ነበር፤ ስለቴን እንዲያ ነበር የተሳልኩት። ከፍ ብሎ በእግር የሚገባበት መሻገሪያ አለ። ውሃው ቡናማ ሆኖ ይፈሳል እንጂ ሲያዩት ከጉልበት የሚያልፍ አይመስልም።

«ስንት ክረምት ተሻግሬዋለሁ» አሉ እማማ ብርቄ። «እጅ ለእጅ እንያያዝ።»

አንዷ ሴት ታመነታ ነበር። «እመቤታችን ታሻግረናለች» አልኳት። ዛሬ ሳስበው፣ የእመቤቴን ስም የጠራሁት ለእምነቴ ሳይሆን ለችኮላዬ ነበር።

ተያይዘን ገባን። እማማ ብርቄ ከፊቴ፣ እኔ ከኋላቸው። መሐሉ ላይ ስንደርስ የረገጥኩት ድንጋይ ከእግሬ ሥር ተንከባለለ። ውሃው ወገቤን ያዘኝ። የእማማ ብርቄ እጅ በእጄ ውስጥ ተወጠረ፤ ሰውነታቸው ወደ እኔ ሲያዘነብል ታወቀኝ። ከያዝኳቸው አብረን እንሄዳለን። ለቀቅኳቸው። ከኋላዬ የነበረችው ሴት እጅም አመለጠኝ።

ውሃው ቀዝቃዛ ነው፤ አፌን አፈር አፈር አለኝ። ነጠላው አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። መዋኘት አልችልም። እግሬ ወደ ፊት፣ ጀርባዬ ወደ ኋላ ሆኖ ወሰደኝ። በሁለት እጄ ሆዴን ይዣለሁ። መታጠፊያውን ሳልፍ ዛፉን አየሁት። ሁለት ትልልቅ ድንጋዮች መሐል ተሰንቅሮ ወንዙን ሊዘጋው ደርሷል። ቅጠሉ ገና አልጠወለገም።

ሳየው ደስ አለኝ። የምይዘው ነገር አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ።

ከኋላዬ የመስፍንን ድምፅ ሰማሁ። «እታለም! እግርሽን አታስቀድሚ! ዙሪ፣ በደረትሽ ሁኚ! ዛፉ ላይ በደረትሽ ውጪ!»

ዞርኩ። እንዴት እንደዞርኩ አላውቅም። ውሃው ወደ ቅርንጫፎቹ ሥር ሲስበኝ፣ የካያኳ አፍንጫ ከዳሌዬ ሥር ገብቶ ወደ ላይ ገፋኝ። ደረቴ ግንዱ ላይ ወጣ። አገጬ ተሰነጠቀ፤ ሕመሙ የተሰማኝ ግን ማታ ነው። እግሬን ከውሃው ስቤ አወጣሁና ዞር ብዬ አየሁ።

ዛፉ ከውሃው በታች እንደ ጭን የወፈረ ሌላ ቅርንጫፍ ነበረው። ካያኳ እኔን ስትገፋ አፍንጫዋ በግንዱና በዚያ ቅርንጫፍ መሐል ገባ። ውሃው በጭራዋ ላይ ተጫነ። ጀልባዋ ከመሐል ስትታጠፍ የተሰማው ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። መስፍን ወደ ግንዱ ተወርውሮ በሁለት እጁ አቀፈው። በኋላ የሥራ ባልደረቦቹ እንደነገሩኝ፣ ያልለመደ ሰው ደንግጦ ከዛፉ ይሸሻል፤ ያኔ ውሃው ገልብጦ ከሥር ያስገባዋል። እሱ ወደሚፈራው ነገር ነው የተጠጋው። ቀጥሎ የነበሩትን ሰዓታት ያገኘነው በዚያ ነው።

«ወጣሽ?» አለኝ።

«ወጣሁ።»

«ሆድሽስ?»

«ደህና ነኝ።»

«በይ እንዳትቆሚ። በደረትሽ እየተሳብሽ ወደ ዳር ሂጂ። ቀስ ብለሽ።»

«አንተስ?»

«እኔ እዚህ ትንሽ ልረፍ።»

እየተሳብኩ ሄድኩ። ዳር ስደርስ አቶ ገለታ የበሬ ገመዳቸውን ይዘው እየሮጡ መጡና በብብቴ ይዘው አወጡኝ። ሌሎቹ ሴቶች ተመልሰው ወጥተው ነበር፤ ከኔ በቀር ውሃው የወሰደው የለም። እግዚአብሔር ይመስገን። እማማ ብርቄ በባዶ እግራቸው ደርሰው ሆዴን በእጃቸው ዳሰሱ።

ከዳር እስከ መስፍን ስድስት እርምጃ ቢሆን ነው። ውሃው ጎድኑ ላይ ይመታዋል፤ ደረቱና ራሱ ውጭ ነው። ብንነጋገር እንሰማማለን።

አቶ ገለታ ገመዱን ወረወሩለት። በብብቱ ሥር አዞረና አሰረው። ወንዶች እየተጠራሩ መጥተው ነበርና ስድስት ሆነው ሳቡ።

«አቁሙ» አለ መስፍን። ፊቱ ነጭ ሆነ። «ከጉልበቴ በታች ጀልባዋ ውስጥ ተይዣለሁ። እኔን ብትስቡ ግማሼን ነው የምታገኙት። መሳብ ያለባት ጀልባዋ ናት፤ ከጭራዋ፣ ወደ ላይ። ይሄን ውሃ ደግሞ የሰው ጉልበት አይችለውም።»

«መኪናውን ላምጣ» አለ ጋሽ ሰይድ። መልስ አልጠበቀም፤ ሮጠ።

አቶ ገለታ መጥረቢያ አስመጥተው ከዳር በኩል ወደ ግንዱ ተጠጉ።

«ግንዱን አይደለም፣ አባባ» አለ መስፍን። «ከተቆረጠ ይንከባለልና እኔን ከሥር ያደርገኛል። ቅርንጫፉን ብቻ፣ የሚደርሱበትን። ውሃው በዚያ በኩል መውጫ ያግኝ።»

አቶ ገለታ ጭቃው ውስጥ ቆመው የሚደርሱበትን ቅርንጫፍ ሁሉ ቆረጡ። የተቆረጠውን ሌሎች ወደ ዳር ይጎትቱታል። ዛፉ በዚያ ቀን ተመለመለ። ውሃው አንድ ጣት ያህል ወረደለት።

«አሁን ተነፈስኩ» አለ።

ዳር ላይ ተቀምጬ ነበር። ከዚያ በላይ በልቤ መያዝ አልቻልኩም።

«መስፍኔ፣ ይሄ ያኛው ዛፍ ነው። የኛ ዛፍ።»

«አውቄዋለሁ። የያዝኩት የእማማ ብርቄን መያዣ ነው።» ወደሳቸው አየ። «እማማ፣ እውነትዎን ነው ለካ፤ ይመቻል።»

«ጆሮህን ይዤ ብሻገር ይሻለኝ ነበር» አሉ እማማ ብርቄ።

ከዚያ በኋላ የዛፉን ነገር አላነሣም። «ብዬሽ ነበር» ሊል የሚችልባቸው ብዙ ደቂቃዎች ነበሩት። አንዱንም ለዚያ አላዋለውም።

ከማዶ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ይሰማል። ነፋሱ ወደኛ ሲሆን ይጎላል፤ አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ይጠፋል።

«የት ደርሰዋል?» አለኝ መስፍን። እሱ በዓመት ሁለቴ ቢያስቀድስ ነው።

«ወንጌል እየተነበበ ነው።»

«እንግዲያው ቁጭ ብለሽ ስሚ። አልቀረሽም ማለት ነው። ለእመቤትሽ እኔ እመሰክርልሻለሁ።»

«ዝም በል፣ አትድከም።»

«ዝም ካልኩ ይበርደኛል። አንድ ነገር አውሪኝ።»

የማወራው ጠፋኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ወሬ አላውቅም፤ በቤታችን ወሬኛው እሱ ነው። በመጨረሻ ምሳ ምን እንዳዘጋጀሁ ነገርኩት። ሽሮ እንደሆነ፣ ቃሪያውን ለብቻ እንዳስቀመጥኩለት።

«ጾሙ ሲፈታ ዶሮው የኔ ነው» አለ። «ፈረሰኛውን ለባልሽ እንዳትሰጪው።»

«እሺ።»

«ጠዋትም እሺ ብለሽኝ ነበር።»

እየሳቀ ነበር ያለው። ከንፈሩ ግን ጠቁሯል።

የጋሽ ሰይድ መኪና ድምፅ ተሰማ። ሁላችንም ወደ ሜዳው ዞርን። አይሱዙው ከመንገዱ ወርዶ መጣ፤ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ሲቀረው ቆመ። የዚያ ሜዳ አፈር መረሬ ነው። ክረምት ላይ ሰው እንኳ ሲያልፍበት ጫማውን ያስቀርበታል። ጎማው እስከ ግማሹ ሰጠመ። ወንዶቹ ሁሉ ድንጋይና ጭድ እያነሡ ወደዚያ ሮጡ። ዳር ላይ የቀረነው እኛ ሴቶችና የመስፍንን ገመድ ወገባቸው ላይ ያዞሩት አቶ ገለታ ብቻ ነን።

ሞተሩ ያጓራል፤ ሰዎቹ «ሆ» ይላሉ፤ መኪናው ትንሽ ይነቃነቅና መልሶ ይቀመጣል። እንዲህ እያለ ጊዜው ሄደ። በየካ ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። እኔ ልብ አላልኩትም፤ ዓይኔ መኪናው ላይ ነው። መስፍን ግን ወደ መኪናው አያይም ነበር። የወንዙን ላይኛ በኩል ለረጅም ጊዜ ሲመለከት አየሁት። ውሃው ላይ አረፋና የገለባ ስብርባሪ መምጣት ጀምሯል። እኔ ያየሁት አረፋ ብቻ ነው። እሱ ምን እንዳየ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

«እታለም» አለ።

«አቤት።»

«ጋሽ ሰይድ የመኪናውን ገመድ የት እንደሚያስር አያውቅም። ጭራዋ ላይ ያለው ቀለበት ላይ ነው። ልብስሽን የምታሰጪበቱ። ሌላ ቦታ ካሰረው ፕላስቲኩ ይቀደዳል። ሂጂና ንገሪው።»

«ሲመጣ ይነገረዋል።»

«ሲመጣ ጊዜ ይባክናል። አሁን ሂጂ፤ እዚያው ሆኖ ያዘጋጀው።»

«ከነዚህ አንዷ ትንገረው።»

«ቀለበቱን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ሰው አትላኪ።» ዓይኑን ወደ ሆዴ አወረደ። «ደግሞ እንዳትሮጪ። አፈሩ ያዳልጣል፣ ሆድሽን ይዘሽ ነው። በእርምጃ ሂጂ።»

ተነሣሁ። ጠዋት እሺ ብዬ ዋሽቼዋለሁ፤ ሁለተኛ አልዋሽም አልኩ። በእርምጃ ሄድኩ። ጭቃው እግሬን ይይዘዋል፤ ሆዴን ደግፌ፣ አንድ አንድ እርምጃ እየቆጠርኩ፣ «በሰላም አውጪልኝ» እያልኩ ሄድኩ። ዞር ብዬ አላየሁም። ዞር ብል የምዘገይበት መሰለኝ።

መኪናው ጋ ደረስኩና ለጋሽ ሰይድ ነገርኩት። ቀለበቱን፣ ጭራዋን፣ ፕላስቲኩን፣ ሁሉንም ሳላዛባ ነገርኩት። እሱ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። እየሰማኝ ሳለ ዓይኑ ከትከሻዬ በላይ ወደ ወንዙ ሄደ። አንድ ድምፅ መጣ፤ ድንጋይ የጫነ መኪና ጭነቱን ሲያራግፍ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ። ጋሽ ሰይድ ገመዱን ነጥቆ ሮጠ። ሁሉም ሮጡ። እኔ ግን እንዳትሮጪ ተብዬ ነበር።

ስደርስ ዛፉ አይታይም። ውሃው ከላዩ አልፎ እየሄደ ነው። የቀሩት የቅጠል ጫፎች ወጣ ገባ ይላሉ። አቶ ገለታ ጭቃው ላይ ተቀምጠው፣ ሁለት እግራቸውን ድንጋይ ላይ ተክለው፣ ገመዱን ወገባቸው ላይ እንዳዞሩ ነው። ገመዱ ተወጥሯል። ወንዶቹ ከኋላቸው ሆነው ያዙት። ማንም አልሳበም፤ ማንም አልለቀቀም።

እማማ ብርቄ ዓይኔን በእጃቸው ሸፈኑ።

ያ ውሃ ከአንድ ሰዓት ተኩል አልበለጠም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መውረድ ጀመረ፤ ሳይመሽ መስፍንን አወጡት። እጆቹ ግንዱን እንዳቀፉ ነበሩ አሉኝ። በማግስቱ አስከሬኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሄደው በዚያው ወንዝ ነው። ተሸካሚዎቹ ሲሻገሩ ውሃው ቁርጭምጭሚታቸውን እንኳ አልሸፈነም።

ልጄ በታኅሣሥ ተወለደች። ጤነኛ ናት፤ ዛሬ የራሷን ልጆች ታሳድጋለች። እግዚአብሔር የሰጠኝን ቆጥሬ አልጨርስም፤ ባለቤቴም በጤና አለ። በለቅሶው ጊዜ ሊያጽናኑኝ የመጡ ሰዎች «አንዱን ወስዶ ሌላውን ሰጠሽ» ይሉኝ ነበር። በቅንነት ነው ያሉት። እኔ ግን ተቀብዬው አላውቅም። አምላኬ ሰውን በሰው የሚለውጥ ነጋዴ አይደለም። ልጄን ሰጠኝ፤ ስለሷ አመሰግነዋለሁ። ወንድሜን አጣሁ፤ ስለሱ አለቅሳለሁ። ሁለቱን አላገናኛቸውም። በአንድ ጸሎት ውስጥ ሁለቱም ይገባሉ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከውሃ ርቃችሁ የምትኖሩ ትሆናላችሁ። ቢሆንም ወንድሜ የነገረኝን ልንገራችሁ። በሞላ ውሃ ውስጥ የሚታይ ዛፍ መያዣ አይምሰላችሁ። ልታልፉት ከቻላችሁ ራቁት። ካልቻላችሁ በእግር አትሂዱበት፤ በደረት፣ በሙሉ ኃይል ላዩ ላይ ውጡ። ለሰው መሻገሪያ ስታበጁ ደግሞ፣ ከመሐላችሁ ውሃውን የሚያውቅ ሰው ሲናገር ለዘንድሮ እንዲሁ ይሁን አትበሉ። ለቤተ ክርስቲያን የሚሠራ ሥራ ነው ብላችሁም አትዝናኑ። እኔ ያን ዛፍ ያጋደምኩት ለጽድቅ ነበር።

ያ ሰፈር ዛሬ ፎቅ ብቻ ሆኗል። ወንዙ በሲሚንቶ ግንብ መሐል ነው የሚያልፈው፤ ላዩ ላይ መኪና ይሄዳል። አንዳንዴ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ሳልፍ፣ ጎኔ የተቀመጠው ሰው ወንዝ መኖሩንም አያውቅም። እኔ አንገቴን አውጥቼ አያለሁ። የሚናፍቀኝ ትልቅ ነገር አይደለም። መስፍን እርጥብ ጫማውን በሩ ላይ ሲያራግፍ የሚሰማው ድምፅ ነው። የጎማ ማጣበቂያ ሽታው ነው። ድስቱን ከፍቶ ቆሞ ሲበላ «ተቀመጥ እንጂ» የምለው ነገር ነው። ባለቤቴ በዶሮ ቀን ፈረሰኛውን ሳይነካ ይተወዋል፤ ለምን እንደሚተወው ተነጋግረን አናውቅም።

«እንዳትሮጪ» ያለኝን ለመረዳት ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። ሰው እየቸኮለ ለምን በእርምጃ ሂጂ ይላል? አረፋው ደራሽ ጎርፍ እየመጣ መሆኑን ነግሮት ነበር። ሐሳቡ በገባኝ ቀን ሾላ ገበያ መሐል ቆሜ ነበር። የያዝኩትን ዘንቢል አስቀምጬ መንገድ ዳር ተቀመጥኩ።

አቶ ገለታ እስከ መጨረሻው አጠገቡ የነበሩ ናቸው። እኔ ከሄድኩ በኋላ ምን እንዳለ፣ ምን እንዳደረገ ከሁሉ በላይ ሊነግሩኝ የሚችሉት ገመዱን የያዙት እሳቸው ነበሩ። ለመጠየቅ ስምንት ዓመት ፈራሁ። በመጨረሻ አንድ ቀን ታመው ልጠይቃቸው ሄድኩና፣ አልጋቸው ጎን ተቀምጬ ጠየቅኋቸው።

«እኔ ስሄድ ምን ይል ነበር?»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እንደማይነግሩኝ አስቤ ልነሣ ነበር።

«ምንም አላለም» አሉኝ። «አንቺን ነበር የሚያየው። ስትሄጂ።»